«ማየት ብቻ» የተባለው መሣሪያና የመምሪያው አጻጻፍ

ይህን ጽሑፍ የምንጀምረው በራሳችን ጥፋት ነው። ባለፈው መንፈቀ ዓመት ለማስተማር ልምምድ ወጥተን ሳለ፣ ሦስታችን በተመደብንበት ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ኔትወርክ አልመጣ አለ። «የኮምፒዩተር ልጆች» ተብለን ስለነበር ስዊቹን እንድናየው ተጠየቅን። ስዊች ማለት የየክፍሉ ገመድ ተሰብስቦ የሚሰካበት፣ መረጃን ካንዱ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው የሚያስተላልፍ ሣጥን ነው። የይለፍ ቃሉ ተሰጠን፤ ገባን፤ «ገመድ ፈትሽ» የሚል ምልክት አየን። መፈተሽ ማየት ነው፤ ማየት ደግሞ ምን ይጎዳል? ተጫንነው።

የተጫንነው ለካ አንዱን ሕንፃ ከሌላው በሚያገናኘው በዋናው ፖርት ላይ ኖሯል። ብዙ ስዊቾች ገመድ ሲፈትሹ በገመዱ ውስጥ የኤሌክትሪክ ምት ልከው፣ ምቱ ተመልሶ የሚመጣበትን ጊዜ ይለካሉ። ይህን በሚያደርጉበት ጊዜ መስመሩ ለጥቂት ሴኮንድ ሊቋረጥ ይችላል። በዚያችው ቅጽበት አንዲት መምህርት የ46 ተማሪዎችን ውጤት ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር አስገብተው ጨርሰው «አስቀምጥ» የሚለውን እየተጫኑ ነበር። ገጹ ባዶ ሆኖ ተመለሰ። መምህርቷ አልተቆጡንም። «ልጆቼ፣ ማየት ብቻ ነው አላላችሁም እንዴ?» አሉንና መነጽራቸውን አስተካክለው እንደገና ከተራ ቁጥር 1 ጀመሩ። ቤታቸው ሩቅ ነው፤ ያን ቀን መሽቶባቸው ሄዱ።

ይህች ጥያቄ እስከ ተቋማችን ድረስ ተከትላን መጣች። እንደተመለስን የኮምፒዩተር መምህራችን አዲስ ሥራ ሰጡን። እሳቸው አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ጽፈዋል። ፕሮግራሟ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኤጀንት የኮምፒዩተር ክፍላችንን ኔትወርክ እንዲያይ የምታስችል፣ ነገር ግን ምንም እንዲለውጥ የማትፈቅድ ናት። «ፕሮግራሙን እኔ ጽፌዋለሁ፤ መምሪያውን እናንተ ጻፉት፤ ጥፋቱን በዓይናችሁ ያያችሁት እናንተ ናችሁ» አሉን። ያንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ መስሎን ነበር፤ አምስት ሳምንት ፈጀ። ለምን ይህን ያህል እንደፈጀ ለማስረዳት ነው ይህ ጽሑፍ የተለጠፈው።

ኤጀንት ሲባል ማን ነው?

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ቃሉ እንናገር። ኔትወርክን ከሩቅ ሆኖ መከታተል ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም። ኤስ ኤን ኤም ፒ የሚባለው የመጠያየቂያ ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው፤ ዛሬም በብዙ ስዊችና ራውተር ውስጥ ይሠራል። በዚህ ደንብ መሠረት በእያንዳንዱ መሣሪያ ውስጥ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ተቀምጣ ከሩቅ ለሚመጣው ጥያቄ ትመልሳለች። ሊጠየቅ የሚችለው ነገር ሁሉ ቁጥር አለው። ለምሳሌ ያህል 1.3.6.1.2.1.1.3 ተብላ ስትጠየቅ «ሥራ ከጀመርኩ ይህን ያህል ጊዜ ሆነኝ» ብላ ትመልሳለች። ይህች መላሽ ፕሮግራም በደንቡ ውስጥ «ኤጀንት» ትባላለች።

ዛሬ ደግሞ «ኤጀንት» የሚባለው ጠያቂው ሆኗል፤ ይኸውም ከሰው ጋር በጽሑፍ የሚነጋገረው፣ በተሰጡት መሣሪያዎች ተጠቅሞ ሥራ የሚያከናውነው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። እንግዲህ አንድ ቃል በመስመሩ በሁለቱም ጫፍ ቆመ ማለት ነው። የመጀመሪያው ረቂቃችን «ኤጀንቱ መልስ ካልሰጠ መምህሩን ጥራ» ይል ነበር። የትኛው ኤጀንት? እኛም አላወቅንም፤ አራት ሰው አራት ዓይነት ተረጎመው። ስለሆነም ቃሉን ከመምሪያው ጨርሰን አውጥተን በስዊቹ ውስጥ ያለችውን «መላሽ»፣ የሰው ሠራሽ አስተውሎቱን «ጠያቂ» አልነው። በዚህ ጽሑፍም እንደዚሁ እንቀጥላለን።

ጠያቂው ዓይንም እጅም የለውም። የሚያውቀው ጽሑፍ ማንበብና ጽሑፍ መጻፍ ነው። ሥራው ሲጀመር የመሣሪያዎች ዝርዝር ከነማብራሪያቸው ይሰጠዋል። ከዚያም «የፖርት ሁኔታ የሚለውን መሣሪያ ለፖርት 7 ጥራልኝ» ብሎ ይጽፋል፤ ፕሮግራሟ ሄዳ ከመላሽዋ ጠይቃ መልሱን በጽሑፍ ታመጣለታለች፤ እሱም አንብቦ ለእኛ ያስረዳል። መሣሪያን ከጠያቂ ጋር ለማገናኘት በሰፊው የሚሠራበት ስምምነት ኤም ሲ ፒ ይባላል፤ አንትሮፒክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 ይፋ ያደረገው ነው።

ከዚህ ላይ ልብ እንድትሉልን የምንፈልገው ነገር አለ። እኛ መምሪያ ስናነብ ያልገባንን ጓደኛ እንጠይቃለን፤ ተነሥተን የስዊቹን መብራት እናያለን፤ ዘበኛውን ጋሼን «ሌሊት መብራት ጠፍቶ ነበር ወይ?» እንላቸዋለን። ጠያቂው ግን ስለዚያ ክፍል ያለው እውቀት የጻፍንለት ማብራሪያ ብቻ ነው። ማብራሪያው ዝም ባለበት ቦታ እሱ ዝም አይልም፤ ገምቶ ይሞላዋል፤ ያውም አቀላጥፎ። የቃል ፈተና ላይ ያልተነበበ ምዕራፍ ሲመጣ አንዳንዶቻችን እንደምናደርገው ማለት ነው።

ቁልፉ የት ነው?

የመምሪያችን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር «ይህ መሣሪያ ለማንበብ ብቻ ነው» የሚል ነበር። መምህራችን በቀይ እስክሪብቶ ከሥሩ «ማን ከለከለው?» ብለው ጽፈው መለሱልን። ሳቅን። በኋላ ግን መልስ አጣን።

አንዳችን «በፕሮግራሙ ውስጥ የመጻፊያ ትእዛዝ የለም» አለ። እውነት ነው፤ ነገር ግን ነገ ሌላ ሰው ቢጨምርበትስ? ሁለተኛው «ምልክት ተደርጎበታል» አለ። ይህም እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 2025 በወጣው የኤም ሲ ፒ እትም ላይ አንድ መሣሪያ የሚያነብ ብቻ መሆኑን የሚገልጽ «ሪድ ኦንሊ ሂንት» የሚባል ምልክት ተጨምሯል። «ሂንት» ግን ጥቆማ ማለት እኮ ነው። ስምምነቱ ራሱ ከማይታመን ምንጭ የመጣን እንዲህ ያለ ምልክት አምናችሁ እንዳትወስኑ ይላል። በር ላይ «መግባት ክልክል ነው» ብሎ መለጠፍ በሩን መቆለፍ አይደለም።

ቁልፉ መኖር ያለበት በስዊቹ ውስጥ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ በኤስ ኤን ኤም ፒ የማንበቢያ ጥያቄዎች አሉ፤ «ሴት» የሚባል የመጻፊያ ትእዛዝም አለ። የደንቡ ጸሐፊዎች የትእዛዙን ብዛት ለማሳነስ ሲሉ «መሣሪያውን አጥፍተህ አስነሣ» የሚል የተለየ ትእዛዝ አላወጡም። ከዚያ ይልቅ «ለመነሣት የቀረው ሴኮንድ» የሚል ቁጥር ቢጻፍ መሣሪያው በዚያው ይነሣል የሚል ምሳሌ ሰጡ። እንግዲህ አስቡት፤ አንድ ቁጥር ብቻ እንዲጽፍ የተፈቀደለት ሰው የተቋሙን ኔትወርክ በሙሉ ሊያጠፋ ይችላል ማለት ነው።

በቀድሞዎቹ በአንደኛውና በሁለተኛው እትም ጠያቂን ከጠያቂ የሚለየው ባንዲት ቃል ብቻ ሲሆን፣ ቃሏም በገመዱ ላይ ሳትሸፈን ነው የምትሄደው። በልማድ ለማንበብ «ፐብሊክ»፣ ለመጻፍ «ፕራይቬት» ትባል ነበር፤ ብዙ መሣሪያም በዚሁ ስም ተሞልቶ ይሸጥ ነበር። ይህን የሚያውቅ ሰው መጽሐፍ ማገላበጥ ሳያስፈልገው መጻፍ ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ሙሉ ደረጃ ያገኘው ሦስተኛው እትም ግን ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የይለፍ ቃል ይሰጣል፤ ሊያነበው የሚችለውንና ሊጽፍበት የሚችለውን ክልልም ለየብቻ ይወስናል።

እኛም ከመምህራችን ጋር ሆነን የመጻፊያ ክልሉ ባዶ የሆነ ተጠቃሚ ፈጠርን። ከዚያም በዚያው ተጠቃሚ ገብተን የስዊቹን ስም ለመለወጥ ሞከርን። ስዊቹ አልፈቅድም አለ። ደገምነው፤ አልፈቅድም አለ። እንዲህ ያለ እምቢታ ደስ ብሎን አያውቅም። የመምሪያው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገርም አሁን እንዲህ ይላል፦ «ይህ መሣሪያ መጻፍ አይችልም፤ ስዊቹ ራሱ ለዚህ ተጠቃሚ የመጻፍ ፈቃድ አልሰጠውምና። ይህን በእጃችን ሞክረናል። ስዊቹ በተለወጠ ወይም እንደ አዲስ በተዋቀረ ቁጥር እንደገና ይሞከር።»

የሚነካ ንባብ

«ይህ ሁሉ ለአንድ የኮምፒዩተር ክፍል?» የሚለን ሰው አይጠፋም፤ ብሎናልም። ነገር ግን ማየት ተብሎ የተሰጠ ትእዛዝ ያደረሰውን ጉዳት ከእኛ እጅግ የሚበልጡትም ቀምሰውታል። መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ፌስቡክ፣ ዋትስአፕና ኢንስታግራም በዓለም ዙሪያ ለስድስት ሰዓት ያህል ጠፍተው ነበር። ኩባንያው በማግሥቱ እንደገለጸው፣ በጥገና ላይ የነበሩ ሠራተኞች ዋናው መስመር ምን ያህል አቅም እንዳለው ለመገመት አንድ ትእዛዝ ሰጡ። ትእዛዙ ግን የመረጃ ማዕከሎቹን እርስ በርስ የሚያገናኙትን መስመሮች በሙሉ አወረደ። እንዲህ ያለውን ትእዛዝ መርምሮ ማስቆም የነበረበት ሌላ መሣሪያም ስሕተት ነበረበትና አላስቆመውም። ለመገመት! እኛም «ለመፈተሽ» ነበር የተጫንነው።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 ጉግል ድረ ገጾችን ቶሎ ለማምጣት የሚረዳ ፕሮግራም አውጥቶ ነበር። ፕሮግራሙ ሰውየው ገና ሳይጫን በገጹ ላይ ያሉትን ማያያዣዎች አስቀድሞ እየከፈተ ያነባቸው ነበር። አንዳንድ የድረ ገጽ ሠሪዎች ደግሞ «ሰርዝ» የሚለውን እንደ ተራ ማያያዣ ሠርተውት ኖሯል። ፕሮግራሙ «ሰርዝ»ን አነበበው፤ የሰዎች ጽሑፍ ተሰረዘ። በድረ ገጽ ደንብ መሠረት በተራ ማያያዣ የሚደረግ ጥያቄ ማንበብ ብቻ መሆን ነበረበት። አንባቢው ደንቡን አክብሯል፤ ያላከበረው በሌላ በኩል የነበረው ነው።

በእኛ ዝርዝር ውስጥም «ገመድ ፈትሽ» የሚል አምስተኛ መሣሪያ ነበረ። እንዳይነሣ ከመካከላችን አንዷ ሁለት ምሽት ሙሉ ተከራከረችን፤ «የተበላሸ ገመድ ለማግኘት ከእሱ የተሻለ የለም» ትል ነበር፤ ትክክል ናት። ሆኖም ለጥቂት ሴኮንድም ቢሆን መስመር የሚቆርጥን ነገር «ማየት ብቻ» ከሚል ርእስ ሥር ማኖር ውሸት ይሆንብናል ብለን አወጣነው። አሁን በሰው እጅ ብቻ፣ ክፍሉ ባዶ ሲሆን ይሠራበታል።

የዳንገሽታ ዝናብ

ስለ ማንበብ ስንነጋገር ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። እዚሁ በዞናችን፣ በዳንግላ ወረዳ በዳንገሽታ ቀበሌ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የአካባቢው ነዋሪዎች ራሳቸው ዝናብን፣ የወንዝ ከፍታንና የጉድጓድ ውኃን ጥልቀት እየለኩ መመዝገብ ጀምረው ነበር። ከእንግሊዝ አገር ከኒውካስል ዩኒቨርሲቲ የመጡ ተመራማሪዎችም መዝገቡን ከሌሎች መለኪያዎች ጋር አነጻጽረው ለሳይንስ የሚበቃ መሆኑን አሳትመዋል። ኮምፒዩተር ሳይሆን፣ በሰዓቱ ወጥቶ የሚያነብ ሰው ነው ያን ያስገኘው።

የዝናብ መዝገብ የያዘ ሰው አንድ ነገር ያውቃል፤ 0 እና ባዶ ቦታ አንድ አይደሉም። ዝናብ ባልጣለበት ቀን 0 ይጻፋል። መለኪያው ባልታየበት ቀን ግን ቦታው ባዶ ይተዋል። ባዶውን በ0 የሞላ ሰው በወረቀት ላይ ድርቅ ፈጠረ ማለት ነው።

እኛ ይህንኑ ጥፋት ሠርተን ነበር። ፕሮግራሟ ከመላሽዋ መልስ ስታጣ 0 ብላ ትመልስ ነበር፤ መምሪያችንም ስለዚህ ምንም አይልም። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ስዊቹ ሞቶ ሳለ፣ በባትሪ በሚሠራ ላፕቶፕና በስልክ ኢንተርኔት ጠያቂውን «ዛሬ ኔትወርኩ እንዴት ነው?» አልነው። «ዛሬ ኔትወርኩ ምንም አልተጨናነቀም፤ በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል» አለን። ኧረ በጣም ጥሩ ነው! አሁን መልስ ሲታጣ «አልተነበበም» የሚል ቃል ይመጣል፤ መምሪያውም «አልተነበበም ማለት 0 ማለት አይደለም፤ ስለ ትራፊኩ ምንም አትበል፤ መብራት መኖሩን ሰው እንዲያይ ንገር» ይላል።

ከዝናብ መለኪያው ሌላም ትምህርት አገኘን። በእጅ የሚነበበው የዝናብ መለኪያ ከተነበበ በኋላ ውኃው ይደፋል፤ የሚቀጥለው ቀን ከ0 እንዲጀምር ነው። በወንዝ ዳር የቆመው ምልክት ያለበት እንጨት ግን መቶ ጊዜ ቢታይ ወንዙን አይለውጠውም። ስለዚህ ንባብም ሁለት ዓይነት ነው። በአንዳንድ የኔትወርክ ካርዶች ውስጥ የሚገኙ ቆጣሪዎች እንደ ዝናቡ መለኪያ ናቸው፤ በተነበቡ ቁጥር ወደ 0 ይመለሳሉ፤ አንዱ ካነበባቸው ሌላው አያገኛቸውም። የእኛ ስዊች ቆጣሪዎች እንደ ወንዙ እንጨት ስለሆኑ በመነበብ አይለወጡም፤ ይህን በመምሪያው ላይ በግልጽ አስፍረናል።

ይሁንና የስዊቹ ቆጣሪ ይሞላል። አሮጌው ዓይነት ቆጣሪ 4,294,967,295 ከደረሰ በኋላ እንደገና ከ0 ይጀምራል። በሴኮንድ 100 ሜጋ ቢት የሚያስተላልፍ መስመር ሙሉ በሙሉ ቢሠራ ይህን ለመሙላት 5 ደቂቃ ከ44 ሴኮንድ ያህል ይበቃዋል። በየ10 ደቂቃው የሚያነብ ጠያቂ ታዲያ ምን ያያል? ቁጥሩ ቀንሶ ያገኘዋል፤ «መረጃ ወደ ኋላ ተመለሰ» እስከማለት ይደርሳል። መሣሪያው ከተነሣ ስንት ጊዜ እንደሆነው የሚናገረው ቆጣሪም በሴኮንድ መቶኛ ስለሚቆጥር በ497 ቀን ገደማ ይሞላና መሣሪያው ዛሬ የተነሣ ያስመስለዋል። እዚህኛው ላይ ብዙ አልደከምንም፤ በእኛ አካባቢ መብራት ሳይጠፋበት 497 ቀን የቆየ ስዊች ከተገኘ ድግስ እንደግስለታለን።

ማንበብ ማብዛትም ጣጣ አለው። ያረጀ ስዊች ሙሉ ዝርዝሩን በየሴኮንዱ ቢጠየቅ ዋናውን ሥራ እስኪረሳ ይደክማል። ስለዚህ በደቂቃ ካንድ ጊዜ በላይ እንዳይጠየቅ ፕሮግራሙ ራሱ ይከለክላል።

«ተዘግቷል» እና «3 ሰዓት»

አሁን ወደ ቋንቋችን እንምጣ፤ ትልቁ ድካማችን እዚህ ላይ ነበር። ስለ እያንዳንዱ ፖርት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይጠየቃሉ። አንዱ ኃላፊው ፖርቱን ክፍት ወይም ዝግ እንዲሆን ማዘዙ ነው፤ ሌላው ፖርቱ በእርግጥ መሥራቱና አለመሥራቱ ነው። በሁለቱም 1 ማለት ክፍት፣ 2 ማለት ዝግ ነው። እኛም ሁለቱን «2 ከሆነ ተዘግቷል» ብለን ተረጎምናቸው።

አማርኛችን ግን «ተዘግቷል» ሲል ማን እንደ ዘጋው አይናገርም። በር በነፋስም ይዘጋል፤ በሰውም ይዘጋል። ጠያቂው ፖርት 12 «ተዘግቷል» የሚል መልስ ሲያገኝ «ኃላፊው ዘግተውታል፤ እንዲከፍቱት ጠይቁ» ብሎ መከረን። መምህራችን ዘንድ ሄደን ጠየቅን፤ እሳቸውም «እኔ ምንም አልዘጋሁም» አሉ። ገመዱ ነው እንጂ ተነቅሎ ወንበር ሥር ወድቆ ነበር። አሁን መምሪያው ላይ አንዱ «ሰው ዘግቶታል»፣ ሌላው «ምልክት አያገኝም» ተብሏል። ባንድ ቃል ለመተርጎም ያሳለፍነውን ሳምንት ስናስበው ይቆጨናል።

ከዚህ የከፋው የሰዓቱ ነገር ነው። ስዊቹ ሰዓት የሚቆጥረው እንደ ፈረንጆቹ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ነው። በስዊቹ መዝገብ ላይ አንድ ቀን 03፡00 ላይ ብዙ ፖርቶች ባንድ ጊዜ መውደቃቸው ተጽፎ ነበር። ጠያቂው በጥሩ አማርኛ «በ3 ሰዓት ሰባት ፖርቶች ወድቀዋል» አለን። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ደግሞ ክፍሉ ውስጥ የነበሩት የሴክሽን «ለ» ሠልጣኞች ነበሩ። ገመድ ነቅለዋል ብለን አማናቸው፤ አንዳንዶቻችንም ፊት ለፊት ተናገርናቸው። የስዊቹ 03፡00 ግን በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፤ ያን ጊዜ ሁላችንም ተኝተን ነበር፤ መብራት ተቆራርጦ ኖሯል። የሴክሽን «ለ» ጓደኞቻችንን በዚሁ ግድግዳ ላይ ይቅርታ እንጠይቃለን። መምሪያው አሁን ሰዓት በሚመጣበት ቦታ ሁሉ «ከሌሊቱ፣ ከጠዋቱ፣ ከቀኑ ወይም ከምሽቱ ሳትል የሰዓት ቁጥር አትጻፍ፤ የስዊቹንም ሰዓት ጎን ለጎን አስቀምጥ» ይላል።

ማንበብ ራሱ የሚያጋልጠው

በዚህ በአገራችን በዳንግላ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ የኖረ ሮበርት ቺዝማን የሚባል ሰው ነበር። የጣናን ዳርቻና የዓባይን ሸለቆ እየዞረ ለክቶ ካርታ ነደፈ፤ እ.ኤ.አ. በ1936 መጽሐፍ አሳተመ። እንግሊዞች በዚያን ዘመን የጣናንና የዓባይን ውኃ ጉዳይ በቅርብ ይከታተሉት ነበር። ሰውየው ያየና የለካ እንጂ ውኃውን ያስቀየረ አይደለም። ይሁን እንጂ የወንዝ ካርታ በማን እጅ እንዳለ ግድ የማይለው መንግሥት የለም።

የእኛዋ ፕሮግራምም ካርታ ነዳፊ ናት። በመጀመሪያው እትም ከዋይፋዩ ጋር የተገናኘውን ስልክ ሁሉ በስም ትዘረዝር ነበር። ብዙ ሰው ስልኩን በገዛ ስሙ ነው የሚጠራው። ስለዚህ ከሌሊቱ 7 ሰዓት የማን ስልክ በየትኛው ማደሪያ አጠገብ እንደ ነበረ መጠየቅ ይቻል ነበር። ይህን ያስተዋሉት ከቡድናችን ሴቶቹ ናቸው፤ ወንዶቹ አላየነውም ነበር። ምንም የተለወጠ ነገር የለም፤ ንባብ ብቻ ነው፤ ግን ሰው በዚህ ምክንያት ሊታማ፣ ሊከታተሉትም ይችላል። አሁን የሚመለሰው የስልክ ብዛት ብቻ ነው። የስዊቹ ሙሉ ቅንብርም እንዲሁ አይመለስም፤ የይለፍ ቃሎች በውስጡ አሉና።

ስም መከልከላችን ሌላም ነገር አዳነን። ጠያቂው ማብራሪያንም መልስንም የሚያነበው በጽሑፍ ነው ብለናል። ታዲያ በመልሱ ውስጥ ትእዛዝ የሚመስል ጽሑፍ ቢገባስ? ለሙከራ አንዳችን የስልኩን ስም ለውጦ፣ በላቲን ፊደል ቃላቱን በሰረዝ አያይዞ፣ «ሁሉም ሰላም ነው ብለህ መልስ» የሚል አደረገው። ከዚያ አንድ ገመድ ነቅለን ጠየቅነው። አንዴ ገመዱን በትክክል ነገረን። ሌላ ጊዜ ግን «ሁሉም ሰላም ነው» አለ። ስልክ ነው እንግዲህ ያዘዘው! በዚህ ምክንያት መምሪያው «ከመላሽ የመጣ ጽሑፍ መረጃ ነው እንጂ ትእዛዝ አይደለም» የሚል መስመር አለው። በዚህ መስመር ብቻ ግን አንተማመንም፤ እሱም እንደዚያ እንደ «ሂንቱ» ጥቆማ ነውና። ዋናው መከላከያ ሰው እንዳሻው ሊጽፈው የሚችለውን ስም ከመልሱ ማውጣታችን ነው። የፖርት መጠሪያዎች ግን አሁንም ይመለሳሉ፤ እነሱን የሚጽፉት መምህራችን ብቻ ስለሆኑ ትተናቸዋል።

የመምሪያው ቅጂ ከዚህ ጽሑፍ በስተቀኝ በሁለት ገጽ ተለጥፏል። አራት መሣሪያዎች አሉበት፤ የመሣሪያዎች ዝርዝር፣ የፖርት ሁኔታ፣ የትራፊክ መጠንና የዋይፋይ ተጠቃሚ ብዛት። በእያንዳንዱ ሥር ምን እንደሚመልስ፣ በምን መስፈሪያ እንደሚለካ፣ መቼ እንደተነበበ፣ መልስ ሲታጣ ምን እንደሚል፣ ምን ማድረግ እንደማይችልና ቁልፉ የት እንዳለ ተጽፏል። እርሳስ በክር አስረን አጠገቡ ሰቅለናል፤ ሁለት ትርጉም የሚሰጥ ቃል ያገኘ ሁሉ ከሥሩ ያስምርበት። «ትራፊክ» ለሚለው የተሻለ ቃል እስካሁን አላገኘንም። ከጓደኞቻችን አንዱ ማብራሪያውን ወደ አገውኛ እየመለሰው ነው፤ «ተዘግቷል» ላይ ከእኛ የተለየ ችግር ገጥሞታል፤ ሐሙስ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ በኮምፒዩተር ክፍል ስለሚያሳየን መምጣት የሚፈልግ ይምጣ። ለመምህርቷም አንድ ቅጂ በልምምድ ወደዚያው ለሚሄዱት ሠልጣኞች ሰጥተን ልከንላቸዋል።